ድሪል ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪውን አስመዝኑ

ሥራዬ የኩሽና ካቢኔትና ቁም ሳጥን መግጠም ነው። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ዕቃዬን በብስክሌት ጭኜ ከፋሲሎ እስከ ሽምብጥ፣ ከግሽ ዓባይ እስከ ዓባይ ማዶ እዞራለሁ። አንዳንድ ጊዜ ሥራው በጀልባ ያስኬደኛል። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝም አንድ የጀልባ ጉዞ ነው።

ዘጌ ላይ አንዲት እናት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ እያሠሩ ነበር። 14 የካቢኔት በር እንድገጥምና መደርደሪያ እንድሰቅል ተስማማን። ቤቱ ገና መብራት አልገባለትም። ስለዚህ በሽቦ የሚሠራው ድሪል አይረዳኝም። የባትሪው ድሪሌ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ማብሪያው ተቃጥሎ ጠጋኝ ቤት ነበር። በዋዜማው ማታ፣ ሱቆች ሊዘጉ ሲሉ አንዱ ጋ ገብቼ አዲስ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ "48" የሚል ትልቅ ቁጥር አለ። ባትሪዎቹ ሁለት ናቸው። ላያቸው ላይ "6 አምፒር" ይላል። ዋጋው ጥሩ ነበር። ሻጩ ሱቁ ውስጥ አስነስቶ አሳየኝ፤ በኃይል ዞረ። ከፍዬ ወጣሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በማግስቱ ሦስተኛው በር ላይ ስደርስ ድሪሉ መድከም ጀመረ። ባትሪ ቀየርኩ። ስድስተኛው በር ላይ እሱም ቀጥ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ያደረግኳቸው ሁለት ባትሪዎች ከረፋዱ 4 ሰዓት ሳይሞላ አለቁ። የቀረውን በእጅ ካቻቢቴ ማጥበቅ ጀመርኩ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። መደርደሪያ የሚሰቀልበትን ግድግዳማ መሞከርም አልቻልኩም። ባለቤቷ ሁኔታዬን አይተው "ልጄ፣ ተወው፣ ና ቡና ጠጣ" አሉኝ። አልተቆጡም። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ሰው ፊት አፍሬ አላውቅም። በማግስቱ በራሴ ገንዘብ ጀልባ ከፍዬ፣ የጓደኛዬን ድሪል ተውሼ ተመልሼ ጨረስኩላቸው።

ከዚያ በኋላ ይህን ነገር በደንብ ለማወቅ ወሰንኩ። ሥራ ጀማሪ ወንድሞችና እህቶች እኔ የከፈልኩትን እንዳይከፍሉ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ጋ ነው። ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ባትሪውን ሰጠኋቸው። በእጃቸው ከፍ ዝቅ አድርገው ገና ሳይከፍቱት "ይሄ ባዶ ነው" አሉኝ። ከዚያ አራቱን ብሎን ፈተው ከፈቱት። ውስጡ ጣት የሚያህሉ፣ ሴል የሚባሉ 5 ትናንሽ ባትሪዎች ተደርድረዋል። በጎናቸው የነበረው ክፍት ቦታ በፕላስቲክ ተሞልቷል። ጋሼ ወረቀት አውጥተው ሂሳቡን ሠሩልኝ። እስከ ዛሬ ሱቅ ስገባ የማስበው ያንን ሂሳብ ነው።

እንዲህ ነው። አንድ የሊቲየም ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ይሰጣል። 5 ሴል በተርታ ሲያያዝ 18 ቮልት ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ሲሞላ እያንዳንዱ 4.2 ስለሚደርስ ድምሩ 21 ይሆናል። ስለዚህ "18 ቮልት"፣ "20 ቮልት ማክስ" እና "21 ቮልት" የሚሉት ሦስቱም ድሪሎች ውስጣቸው አንድ ነው፤ 5 ሴል። የአሜሪካው ዲዋልት "20 ቮልት ማክስ" ብሎ የሚጽፈው ለሌላው ዓለም 18 ቮልት ብሎ ከሚሸጠው ጋር በጉልበት እኩል ነው። "12 ቮልት" የሚባለውም 3 ሴል ነው። የኔ "48" ግን ቮልት አልነበረም። ጠጋ ብዬ ሳየው ከቁጥሩ ጎን ያለው "ቪ" ብቻ ሳይሆን "ቪኤፍ" ነው። ያ የቮልት መለኪያ አይደለም፤ ለማሻሻጫ የተጻፈ ነው። ገበያ ላይ 88ም፣ ከዚያ በላይም የሚል አለ። ቢከፈት ብዙው 5 ሴል ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ካያችሁ ሌላው ጽሑፍም እንደማይታመን ቁጠሩት።

አምፒሩ ላይ ነው ዋናው ነገር። ቮልት የጉልበቱን ልክ ይናገራል። አምፒር ሰዓት ደግሞ፣ ገበያ ላይ አሳጥረው "አምፒር" የሚሉት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይናገራል። በብዛት የሚሠራበት ሴል ቁመቱ 65 ሚሊ፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ነው፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፣ 18650 ይሉታል። የዚህ ሴል አንዱ የሚይዘው ጥሩ ከሆነ ከ2 እስከ 3 አምፒር ሰዓት ነው። ስለዚህ 5 ሴል ብቻ ያለው ባትሪ ከ2 እስከ 3 ይሆናል። 4 ወይም 5 አምፒር ለመሆን 10 ሴል ያስፈልገዋል። 6 አምፒር በ5 ቀጭን ሴል አይሆንም። የኔዎቹ ሴሎች ደግሞ ከሁሉም ደካሞቹ ነበሩ። ጋሼ በመለኪያቸው ሲያዩዋቸው አንዱ 1.3 ያህል ነው የያዘው።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ። አንድ 18650 ሴል 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል። 5ቱ 225 ግራም፣ 10ሩ 450 ግራም ናቸው ማለት ነው። ከነፕላስቲኩና ከነኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ባለ 5 ሴል ባትሪ 400 ግራም ገደማ፣ ባለ 10 ሴል ደግሞ ከ600 ግራም ከፍ ይላል። ባትሪ ላይ የፈለጉትን ቁጥር መጻፍ ይቻላል፤ ክብደት ግን መጻፍ አይቻልም። ወፈር ያሉ 21700 የሚባሉ ሴሎችም አሉ። በነሱ 4 አምፒር በ5 ሴል ይሠራል። እነሱም ግን እያንዳንዳቸው 70 ግራም ያህል ስለሆኑ ሚዛኑ አሁንም እውነቱን ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ሌላ ድሪል ስገዛ ይህንኑ አደረግኩ። ሱቁ አጠገብ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ እትዬ አሉ። ሻጩን "ወንድሜ፣ ባትሪውን አንድ ጊዜ ላስመዝነው" አልኩት። ግራ ቢገባውም እሺ አለ። እትዬም ሚዛናቸውን በጨርቅ ጠርገው መዘኑልኝ። "5 አምፒር" የሚለው 390 ግራም መጣ። መለስኩት። ሌላ ሱቅ ሄጄ ሌላ አስመዘንኩ፤ 630 ግራም። እሱን ገዛሁ። ይኸው አሁንም ይሠራል። የኩሽና ሚዛን ቤታችሁ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጭ ባትሪ ማስመዘን ከከለከላችሁ መልሱን አግኝታችኋል፤ ሌላ ሱቅ ሞክሩ።

ሱቅ ውስጥ ድሪል ማስነሳት ምንም አያሳይም። ባዶውን ሲዞር ሁሉም ይዞራል። ማየት ያለባችሁ ሲጫን ነው። እኔ አሁን ትርፍራፊ ደረቅ የባሕር ዛፍ ጠርብና 20 ረጃጅም ብሎን ይዤ እሄዳለሁ። የሚፈቅድ ሻጭ ካገኘሁ እንጨቱን አስቀድሜ ሳልበሳ ብሎኑን ቀጥታ አስገባለሁ። አምስት ስድስት ሳስገባ ድሪሉ ከደከመ ወይም ከባድ የማቃጠል ሽታ ከመጣ አልገዛውም። ፑንታው የሚገባበት የድሪሉ አፍ የሚያወላውል መሆን አለመሆኑንም ያኔ አየዋለሁ። ፑንታ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ጫፉ ክብ እየሠራ የሚዋዥቅ ከሆነ 35 ሚሊ የማጠፊያ ቀዳዳ በትክክል አይወጣበትም። የአፉ ስፋት 13 ሚሊ ቢሆን ጥሩ ነው። 10 ሚሊው ለቀላል ሥራ ይበቃል።

ስለ ሞተሩም አንድ ነገር ልበል። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ካርቦን ያለው ነው። ሌላው ካርቦን የሌለው፣ ብራሽለስ የሚባለው። ካርቦን ያለው ሞተር ካርቦኑ ከሚዞረው ክፍል ጋር እየተፋተገ ነው የሚሠራው። በፍትጊያው ሙቀት ይፈጠራል፣ ባትሪም ይባክናል። ካርቦኑም ያልቃል። ብራሽለስ ፍትጊያው የለበትም፤ ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው የሚያዞረው። በአንድ ባትሪ ረዘም ይላል፣ ቶሎ አይግልም። ነገር ግን ሰሌዳው ከሄደ እዚህ ባሕር ዳር መጠገን ከባድ ነው። ካርቦን ግን የትም ይቀየራል። ካርቶኑ ላይ "ብራሽለስ" ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ካርቦን የሆነም አጋጥሞኛል። መለየቱ ቀላል ነው። ጨለም ያለ ቦታ ወስዳችሁ አስነሱና በጎኑ ባሉት የአየር ቀዳዳዎች ውስጡን እዩ። ሰማያዊ ብልጭታ ካለ ካርቦን ነው። ብራሽለስ ብልጭታ የለውም።

የኔ አስተያየት ይሄ ነው። በየቀኑ የምትሠሩበት ከሆነና ገንዘቡ ካላችሁ ከታመነ ስም ብራሽለስ ግዙ። ገንዘቡ ካልደረሰ ስሙ ከማይታወቅ ብራሽለስ ይልቅ የታወቀ ካርቦን ያለው ይሻላል። ሌሎች ባለሙያዎች በዚህ አይስማሙም፤ "ብራሽለስ ከሆነ የማንም ይሁን" የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጠጋኝ ቤት የተጣሉ፣ ሰሌዳቸው የሞተ ብዙ አይቻለሁ።

ጉልበትን በተመለከተ ወረቀቱ ላይ "ኒውተን ሜትር" የሚል ቁጥር ፈልጉ። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሆኖ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 54/30። ትልቁ ብረት ላይ ድንገት ሲቆም የሚወጣው ጉልበት ነው። ትንሹ እንጨት ላይ እያጠበቀ ሲሄድ የሚወጣው ነው። ለካቢኔት ሥራ ከ50 በላይ ከሆነ ይበቃል። ከ100 በላይ የሆነ ግን ያለ ጎን መያዣ አትያዙ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንድ ቀን የተዋስኩትን ኃይለኛ ድሪል በአንድ እጄ ይዤ ወፍራም ቱቦላሬ ስበሳ ፑንታው ተነከሰ። ድሪሉ ዞሮ የእጄን አንጓ ጠመዘዘው። ሦስት ሳምንት ሥራ አልሠራሁም። እናቴ በቅቤ እያሸች ነው የዳነልኝ። ከዚያ ወዲህ መያዣ የሌለው ከባድ ድሪል አልነካም።

አሁን ብዙዎቻችን የምንሳሳትበትን ልንገራችሁ። እሱም ግድግዳ ነው።

የባትሪ ድሪል የመዶሻ ምልክት ስላለው ሁሉንም ግድግዳ ይበሳል ብለን እናስባለን። አይደለም። በድሪሉ ውስጥ ያለው መዶሻ ጥርስ ያላቸው ሁለት ብረቶች እየተንሸራተቱ የሚያንኳኩት ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው እናንተ ስትገፉት ነው። ለኮንክሪት የተሠራው ትልቁ መብሻ ግን ውስጡ ፒስተን አለው። አየር እየታመቀ ራሱ ይመታል። ፑንታውም የተለየ ነው፤ ጎድጓዳ መስመር ያለው፣ ኤስዲኤስ የሚባለው። ሁለቱ ጨርሶ አንድ አይደሉም።

ባሕር ዳር ውስጥ የሚያጋጥማችሁ ግድግዳ ሦስት አራት ዓይነት ነው። አዳዲሶቹ ቤቶች ብሎኬት ናቸው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ እዚያ ላይ መዶሻውን አጥፉት። መዶሻ ካደረጋችሁበት የውስጠኛው ግንብ ተፈረካክሶ ፊሸሩ፣ ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ፣ የሚይዘው ያጣል። ዝም ብላችሁ በዙር ብቻ ብሱት፣ ረጅም ፊሸር ተጠቀሙ። ኮለንና ቢም፣ የኮንክሪቱ ቋሚና አግዳሚ፣ ሲሆን የባትሪ ድሪል 6 ሚሊ ቀዳዳ አንድ ሁለት ሊያወጣ ይችላል፤ ካቢኔት ለመስቀል 10 ቀዳዳ ከፈለጋችሁ ግን ሞተሩን ትገድሉታላችሁ። ውስጡ ብረት ካጋጠማችሁ ደግሞ አትታገሉ፣ ቦታ ቀይሩ። ከሐይቁ ዳር ባሉ አሮጌ ቤቶች የምናገኘው ጥቁር ድንጋይ ነው። እሱን የባትሪ ድሪል አይሞክረው። በድንጋዮቹ መሃል ያለውን መገጣጠሚያ ፈልጋችሁ እዚያ ብሱ፣ ወይም ትልቁን መብሻ ተከራዩ። የጭቃ ቤት ከሆነ ፊሸር ጨርሶ አይዝም። ውስጥ ያለውን ማገር በእጃችሁ እያንኳኳችሁ ፈልጉና ብሎኑን እሱ ላይ ቀጥታ አስገቡ።

እኔ ያቃጠልኩት የመጀመሪያው ድሪል በዚህ ስህተት ነው። ሕዳር 11 በሚባለው ሰፈር አንድ ፎቅ ቤት ላይ ኮለን ስበሳ ውዬ ማታ ጭስ ወጣው። ድሪሉ ጥሩ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። የማይሆን ሥራ አሠራሁት። ስለዚህ "አስተማማኝ ድሪል የቱ ነው?" ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት በሳምንት ውስጥ የምትበሱት ምንድን ነው የሚለውን አስቡ። እንደ ኤምዲኤፍና ቺፑድ ያለ የተጨመቀ እንጨት፣ ጂፕሰም፣ አሉሚኒየም ከሆነ 18 ቮልት ድሪል ሥራውን በደንብ ይወጣል። መጋረጃ የምትሰቅሉና ኮንክሪት የማይለያችሁ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ለሁለት ክፈሉት፤ መጠነኛ የባትሪ ድሪልና በሽቦ የሚሠራ መብሻ።

የብሎን ማጥበቂያ ቀለበቱን ደግሞ ተጠቀሙበት። ከአፉ ጀርባ ያለው ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ነው። ብዙ ልጆች ሁልጊዜ የፑንታ ምልክቱ ላይ አድርገው ነው የሚሠሩት። ቺፑድ ላይ ያ ብሎኑን አሳልፎ ቀዳዳውን ያላላዋል። ከትንሽ ቁጥር ጀምራችሁ ብሎኑ ልክ ሲቀመጥ "ጠቅ ጠቅ" እስኪል ከፍ እያደረጋችሁ ሂዱ። ይህን ማድረግ ባትሪም ይቆጥባል።

ከስም አንፃር ማኪታ፣ ቦሽ፣ ዲዋልት፣ ቶታል፣ ኢንግኮ እኛ ገበያ ውስጥ ይታወቃሉ። እኔ አንዱን ምረጡ አልላችሁም። የምለው አንድ ቤተሰብ ምረጡ ነው። ለምሳሌ ማኪታ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው 18 ቮልት ተንሸራታች ባትሪ ዛሬ ድረስ በዚያ መስመር ያሉትን አብዛኞቹን ዕቃዎች ያስነሳል። ድሪሉ ቢሞት ባትሪዎቹ ለሚቀጥለው ድሪል፣ ለግራይንደር፣ ለመጋዝ ይሆናሉ። ስሙ የማይታወቅ ስትገዙ ግን ባትሪው ሲሞት ድሪሉም አብሮ ይሞታል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ካርቶን ቢመጣ እንኳ ባትሪው ላይገጥም ይችላል። እኔ ቤት እንዲህ ያሉ ሁለት ጤነኛ ድሪሎች ያለ ባትሪ ተቀምጠዋል። ከመግዛታችሁ በፊት "ባትሪው ብቻውን ይሸጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሱቁ መደርደሪያ ላይ ለብቻው ካላያችሁት ተዉት። በታወቀ ስም የተሠራ ቅጂም ሞልቷል። ሚዛኑና የጨለማው ሙከራ እዚያም ይሠራል።

በ2016 ሐምሌ የምንዛሬው ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ የዕቃ ዋጋ ስለጨመረ ብዙ ሰው ዘመድ ከውጭ እንዲያመጣለት ይጠይቃል። ጥሩ ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው ቻርጀሩ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው ቻርጀር ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል። የኛ ኮረንቲ 220 ነው። ስፒናውን በመቀየሪያ ሰክታችሁት ከሆነ በሰከንድ ይቃጠላል። አንድ ጓደኛዬ ወንድሙ በላከለት ድሪል ይሄ ደርሶበታል፤ ካርቶኑን በከፈተበት ቀን። ጀርባው ላይ "100 – 240" ካላለ ወይ የቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ ወይ የ220 ቻርጀር እዚህ መግዛት ይሻላል። ሁለተኛው አውሮፕላኑ ነው። ለብቻው የተቀመጠ የሊቲየም ባትሪ በትልቁ ሻንጣ አይጫንም፤ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። ልኩም 100 ዋት ሰዓት ነው። 18 ቮልት በ5 አምፒር ስታባዙት 90 ይመጣል፤ ያልፋል። ባለ 6 አምፒሩ ግን 108 ስለሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ለዘመዳችሁ ይህን ቀድማችሁ ንገሩ፣ አየር ማረፊያ ላይ እንዳይቸገሩ።

ስለ አያያዝ። ሊቲየም ባትሪ ሙቀት ጠላቱ ነው። እኛ ጋ ሚያዝያና ግንቦት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ባትሪ ያለበትን ቦርሳ ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ወይም ቆርቆሮ ጣራ ሥር አትተዉ። ከሥራ ትኩስ ሆኖ የወጣን ባትሪ ወዲያው ቻርጀር ላይ አትሰኩት። ጥላ ውስጥ አስቀምጡትና በእጃችሁ ስትነኩት ሲቀዘቅዝ ሰኩ። ጨርሶ እስኪሞት አትጠቀሙ፤ ድሪሉ መዳከም ሲጀምር አውጡት። የድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ጨርሰው ካልወጡ አቅማቸው ይቀንሳል ይባል ስለነበር ነው "አሟጥጠው" የሚለው ምክር እስከ ዛሬ የሚነገረው። ለሊቲየም ተቃራኒው ነው። ለወር ሥራ ከሌላችሁ ደግሞ ሙሉም ባዶም አታድርጉት፤ ግማሽ ላይ አስቀምጡት።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ። ሲመለስ አንዳንዴ በኃይል ነው የሚመጣው። እኔ አንድ ቻርጀር በዚህ አጥቻለሁ። አሁን መብራት ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቄ ነው የምሰካው። ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ መተኛትንም ትቼዋለሁ፤ በተለይ ርካሽ ቻርጀር ከሆነ። ለእሳት የሚያሰጋ ነገር ነው፣ ልጆች ያሉበት ቤት ነው ያለን።

ባትሪ ሲደክም ሴሉን አስቀይሮ መጠቀም ይቻላል፤ ግን በማን እንደሚሠራ ተጠንቀቁ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሴል ለድሪል አይሆንም። ድሪል ብሎን ሲያጠብቅ ከ20 አምፒር በላይ ኮረንቲ በአንዴ ሊስብ ይችላል። የላፕቶፕ ሴል ያን ለመስጠት አልተሠራም፤ ይግላል። መያያዝ ያለበትም በነጥብ ብየዳ ነው። ሴሉ ላይ ቀጥታ በሶልደር የሚያቀልጥ ካያችሁ ባትሪያችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ዘጌ ላይ ያፈርኩባቸውን ባትሪዎች ጋሼ በአዲስ ሴል ሠሩልኝ። ጥሩ ሆኑ። የወጣብኝ ገንዘብ ግን ከመጀመሪያው ጥሩ ድሪል ለመግዛት ከሚያስፈልገው አልራቀም።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ትንሿ ትበቃለች። ባለ 18 ቮልቱ ባትሪ ሙሉ ነው ካሏችሁ ለኩት። 20 ቮልትና ከዚያ ከፍ ካለ ደህና ነው። ከዚያ አንድ ደቂቃ ብሎን አስገቡበትና እንደገና ለኩት። ብዙ ከወረደ ከሴሎቹ አንዱ ሞቶ ሊሆን ይችላል። በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲደክም ሁሉም ይቆማሉ።

አሁን አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ዘንድሮ የራሱን የመጀመሪያ ድሪል ለመግዛት ስምንት ወር ቆጠበ። አብሬው ሄድኩ፤ ምንም ግን አላልኩም። ሱቁ ውስጥ ካርቶኑን ዞር እያደረገ አነበበ። ባትሪው ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ ባትሪውን ይዞ ወጣና በርበሬ ወደሚሸጡት እትዬ ሄደ። "እናንተ ደግሞ በርበሬ ሳትገዙ ሚዛኔን ጨረሳችሁት" አሉ እየሳቁ። 640 ግራም መጣ። ተመልሶ ከፈለ፤ ለእትዬም ሩብ ኪሎ በርበሬ ገዛቸው። ማታ ቤት ስንገባ በማይጠፋ እስክሪብቶ የገዛበትን ቀን ባትሪው ሥር ጻፈ። ትናንት ሽምብጥ የገጠምነውን ካቢኔት 18 በር በአንዱ ባትሪ ጨርሶ ሁለተኛውን ከቦርሳው አላወጣውም።